ላባ የማይሳፈርበት ሚኒባስ

ስለ ቦንግ ቡንቶን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ተውኩት። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ እጅጌ የምገጥም ሴት ነኝ፤ እጄ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም። ብቻ ሰዎች «ላባ የሚፈራው ሾፌር» እያሉ ሲስቁበት ስሰማ ዝም ማለቱ ከበደኝ። ነገሩን ከቅርብ ያየሁት እኔ ነኝ። ቦንግ የምለው በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ ነው።

ቡንቶን ከእኛ ገጠር ከፕሬይ ቬንግ ተነስቶ ትልቁን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ ዋና ከተማችን ፕኖም ፔን የሚገባ ሚኒባስ ይነዳል። መኪናው ድሮ ነጭ ነበር ይባላል። መስተዋቱ ላይ የጃስሚን አበባ ያንጠለጥላል፤ መነኩሴ ካየ ክላክስ አይነፋም፤ አሮጊት ካየ የመናኸሪያው ሰው ቢጮህበትም ይቆማል። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ነው የሚሄደው።

በሩ አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን አስሯል፤ ሳሙናውም በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ከገበያ የመጣ ሰው ሳይታጠብ አይገባም። በሩ ላይ ደግሞ ራሱ በቀለም የሳላት ዶሮ አለች፤ በላይዋ ቀይ መስመር ተጋድሞባታል። ዶሮ ማለቴ እሱ ዶሮ ናት ስላለ ነው እንጂ ለሚያያት አናናስ ነው የምትመስለው።

«አንተ ቡንቶን፣ አናናስ መጫን ከመቼ ወዲህ ነው የተከለከለው?» ትለዋለች አክስት ፋላ። እሷ የተብላላ ዓሣ በእንስራ ይዛ ከተማ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሽታዋ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚሳፈረው።

«ዶሮ ናት፣ አክስቴ።»

«ይቺ ዶሮ ከሆነች እኔም ልዕልት ነኝ። እንግዲያው የላባ ጉምሩክ፣ ፈትሸኝ!»

የላባ ጉምሩክ የሚለው ስም የወጣለት በዚያ ነው። ድሮ ግን እሱም እንደ ማንኛውም ሾፌር ነበር። ዶሮው እግሩን ታስሮ ከወንበር ሥር፣ ዳክዬው በቅርጫት ፖርቶመጋላው ላይ፣ ሁሉንም ይጭን ነበር። ሰው ዘመድ ጥየቃ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ዶሮ ነው የሚይዘው።

ልማዱን የተወው ስሬይኔት ከሞተች በኋላ ነው። ስሬይኔት ገጠር የጎረቤቱ የከሰል ሻጩ ልጅ ነበረች። የአባቷ ዶሮዎች አንገታቸውን እየደፉ መሞት ሲጀምሩ አባትየው በእኛ አገር ደንብ አደረገ። ዶሮ በራሷ ከሞተች አትበላም፤ ሳትሞት ከተደረሰባት ግን ምግብ ናት። አረደና ልጅቷ ነጨች። ከዚያ ትኩሳት ያዛት፤ ሳል ተከተለ። ሰው «ሙቀቱ ነው» አለ። ከተማ ሆስፒታል ያደረሳት ቡንቶን ነው፤ ከወንበሩ በስተኋላ ተኝታ ነበር የሄደችው። በሌላ ቀን አባቷን ሲመልስ ያ ወንበር ላይ የነበረው እሷ ተኝታበት የሄደችው ምንጣፍ ብቻ ነበር፣ ተጠቅልሎ። ቡንቶን ስለዚህ ጉዳይ አያወራም። እኔም የማውቀው ሚስቱ ኩንቲያ ስለነገረችኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳይቆጣ፣ ነፍስ ያለው ላባ እንዳይሳፈር አደረገ። ገበያተኛ ተቆጥቶ ወደ ሌላ ሾፌር ሄደ፤ ከዚያ ብዙው ተመለሰ፤ ሌላው ሾፌር ሰው አጭቆ ይጭናልና። አንድ ጊዜ ሁለት ፈረንጆች ተሳፍረው ነበር። ከተማ ስንደርስ የቁም ዶሮ የሚሸጥበት ገበያ ገብተው ፎቶ ሊያነሡ ፈለጉ። ቡንቶን ቋንቋቸውን አይችልም። እጁን እንደ ክንፍ አራገበ፣ ሳለ፣ ዓይኑን ገልብጦ አንገቱን ደፋ። ጎበዝ ተዋናይ መስሏቸው አጨበጨቡለት። በመጨረሻ እጃቸውን ይዞ በጨርቅ ሻጮቹ በኩል አዙሮ አሳለፋቸው። አክስት ፋላ «ከጨርቅ ሻጩ ስንት በላህ?» እያለች ስትነዘንዘው ሰነበተች። እሱ ግን ሾርባ ቤት አስገብቷቸው፣ ዶሮው እስኪበስል ቆሞ ጠብቆ፣ አጥንቱ ዘንድ ቀይ እንደሌለ አይቶ ነው የሄደው። ዶሮ አትብሉ አይልም። በደንብ የበሰለ ይበላል፤ የሞተና የታመመ ወፍ አትንኩ፣ ከነካችሁ ታጠቡ ነው የሚለው። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቡንቶንና ኩንቲያ ከእኔ ጎን ያለውን የኪራይ ክፍል ነው የያዙት፤ የሚለየን ችፑድ ነው። ኩንቲያ ከእኔ ጋር ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ትንሽ ነው፤ ሲያለቅስ ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ነው። እናቷ ዬይ ሳሮም ልታርሳት ከገጠር ልትመጣ ሆነ። ዬይ የምንለው ለአያትነት የደረሱትን ሴቶች ነው። እኔም መከር ላግዝ ገጠር ሄጄ ስለነበር በዚያው ሚኒባስ ልመለስ ተሳፈርኩ። ብርዱ የገባበት፣ የቻይናዎች አዲስ ዓመት የደረሰበት፣ ዶሮ በየመንገዱ የሚጓዝበት ጊዜ ነበር።

ዬይ ሳሮም ጋቢና ገባች። እቅፏ ውስጥ ትልቅ ቅርጫት አለ፤ ከላዩ የሎሚ ሣርና ዝንጅብል ተከምሮበታል፤ በአዲስ ክራማ ተሸፍኗል። ክራማዋን ራሷ ነበረች የሸመነችው፣ ቀይና ነጭ ዳማ። ክራማ ለእኛ ሁሉም ነገር ነው፤ ላብ መጥረጊያ፣ ዕቃ መቋጠሪያ፣ ሻሽ፣ ፎጣ። ይቺኛዋ ግን ተሰቅላ የሕፃኑ መወዛወዣ እንድትሆን የተሸመነች መሆኗን ከመሳፈሯ በፊት ለሁላችንም ዘርግታ አሳይታናለች።

ገበያውን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ቅርጫቱ «ቋ» አለ።

ከዚያ አክስት ፋላ ከኋላ፣ «ዬይ ሳሮም! ዝንጅብልሽ ጮኸ እኮ!»

ሁሉም ሳቀ። ቡንቶን አልሳቀም። ወደ ጎኑ ዞር ብሎ አየ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ዝንጅብል።»

«ዝንጅብል ይጮኻል?»

«መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይጮኻል። መንገድህን ንዳ።»

መንገድ ዳር ከአንድ ዘንባባ ጥላ ሥር አቆመ። ወርዶ ዞሮ የጋቢናውን በር ከፈተ። ዬይ ሳሮም ቅርጫቱን ጠበቅ አደረገችው።

«ሕግህ ለመንገደኛ ነው» አለች። «እኔ መንገደኛ ነኝ? ልጄን የሰጠሁህ ሴትዮ ነኝ። እነዚህን ቄቦች ልጄ አረገዘች ሲሉኝ ነው ማሳደግ የጀመርኩት። እፍኝ ሩዝ ከአፌ እየነጠቅሁ።»

«አውቃለሁ እማዬ።»

«አራስ ዶሮ በዝንጅብል ሳትበላ ወተቷ ከየት ይመጣል? ከጀሪካንህ?»

ከኋላችን ያሉት አጉተመተሙ። «እውነቷን ነው» አለ አንዱ። «ለእናት እንኳ አይሆንም እንዴ?» አለች ሌላዋ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። በእኛ አገር አማች አማቱን ፊት ለፊት አይመልስም። ቡንቶን ደግሞ ኩንቲያን ከማግባቱ በፊት የዬይ ሳሮምን ማሳ አርሷል፣ ጣሪያዋን ከድኗል፤ እሷም እንደ ልጇ አብልታዋለች። በሰው ፊት እምቢ ቢላት ምን ፊት ይኖረዋል? እሺ ቢላት ደግሞ ያ እንደ ድመት ግልገል የሚያለቅስ ልጅ አለ።

ቡንቶን መሬት ላይ ቁጢጥ አለና እጆቹን አገናኝቶ እጅ ነሳት።

«እማዬ፣ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ባይሆኑ አመጣቸው ነበር? የጎረቤቴ የኬም ዶሮዎች መተኛት ሲጀምሩ ነው የእኔዎቹን ሰብስቤ ውልቅ ያልኩት። አተረፍኳቸው እኮ!»

«የኬም ዶሮዎች ተኙ?»

«ተኙ፤ ሞቱ። ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ወደ እኔ አልደረሰም።»

ከዚያ በኋላ «እውነቷን ነው» ያለ ሰው የለም። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ቀስ ብሎ መስኮቱን ከፈተ። አክስት ፋላ፣ «እኔ ደግሞ እንስራዬ ሸተተ ብላችሁ ከኋላ ስታስቀምጡኝ ተቀይሜ ነበር» አለች። የሳቀ የለም፤ ራሷም አልሳቀችም።

ዬይ ሳሮም ነገሩ እንደተገለበጠባት ገባት መሰል፣ ክራማውን ገለጥ አድርጋ «ይኸው እዩ! እዩዋቸው!» አለች። ሁለቱ ቄቦች ቀና ብለዋል። ሦስተኛዋ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ግማሽ ከድና ተቀምጣለች።

«ሙቀቱ ነው» አለች ዬይ ሳሮም፣ ድምፏ ቀጠን ብሎ። «ቢላ ስጡኝ። ሳትሞት ከደረስኩባት...»

እጇን ሰደደች።

«አትንኪያት!»

ቡንቶን ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከራሱ ጩኸት ራሱ ደነገጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሷ ብቻ እንደሚያወራ፣ «ስሬይኔትም የነጨችው እንደዚህ ያለችውን ነበር፣ እማዬ። ሾርባውን እንኳ አልቀመሰችም። ላባ ነው የነጨችው» አለ።

ዬይ ሳሮም እጇን መለሰች። ስሬይኔትን ታውቃታለች፤ ለቅሶዋ ላይ ነበረች። «እንግዲያው ልጄ ምን ትብላ?» አለች። ቁጣው ከላይዋ ሄዶ ነበር።

እኔ በሰው መሐል አላወራም። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ «እናቴ እኔን ስትወልድ የአሳማ ሥጋ በቁንዶ በርበሬና በዝንጅብል ነው የበላችው» አልኩ። ከአጠገቤ ያለው ሰው እንኳ የሰማኝ አልመሰለኝም። ዬይ ሳሮም ግን ዞር ብላ አየችኝ።

ቡንቶን ቅርጫቱን ከነዶሮው ሳር ላይ እንድታስቀምጠው ለምኗት ሁላችንንም ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል አስወረደን። የወረዳውን የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ስልክ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ደወለለት። ሰውየው በሞተር ብስክሌት መጣ፤ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ኖራና ጆንያ ይዟል። የኬምን ነገር ከዬይ ሳሮም ጠየቀ፤ ሳይቆጣት ነው የጠየቃት። ዶሮዎቹን ከነቅርጫቱ ጆንያው ውስጥ አደረጋቸው። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ሲቆፍር ቡንቶን ሊያግዘው ተነሳ፤ «አንተ አራስ ቤት ነው የምትገባው፣ ራቅ በል» አለው ሰውየው።

ከዚያ ክራማዋን አየ። «ይቺስ?»

ዬይ ሳሮም ክራማዋን ደረቷ ላይ አድርጋት ነበር። «ይቺማ የልጅ ልጄ መኝታ ናት!»

«በሳሙና ፈልታ ፀሐይ ብትመታ ትጸዳ ይሆናል፣ ዬይ» አለ ሰውየው። «ግን ለጨቅላ ልጅ እኔ ብሆን አልወስዳትም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሁሉም ቡንቶንን አየ። ቡንቶን መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ዶሮውን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ አማትህ ዓይኗን አጥብባ የሸመነችውን ቅበሪ ማለት ግን ከአፍ አይወጣም። እሱም አላለም። ዬይ ሳሮም ክራማዋን ዘረጋቻት፤ ልክ ጠዋት እንዳሳየችን። ጠርዟ ላይ፣ ዘርፉ ውስጥ፣ አንዲት ግራጫ ለስላሳ ላባ ተጣብቃለች። ትንሽ ናት፤ ሕፃን አፉን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ።

አጠፈቻት። ላባዋን ወደ ውስጥ አድርጋ በደንብ አጠፈቻትና ሄዳ ራሷ ጆንያው ውስጥ ከተተቻት።

ከዚያ በኋላ ጀሪካኑ እስኪያልቅ ታጠብን። እሷ እስከ ክርኗ፣ ከዚያ ፊቷን፣ ከዚያ እንደገና። ልብሷ በፌስታል ታሰረ። ለራሴ የገዛሁት አዲስ ሽርጥ ነበረኝ፣ እሱን ሰጠኋት። አበባው ለአሮጊት የሚሆን አልነበረም። አክስት ፋላ ጋቢናውን በሳሙና ውሃ እየፈተገች፣ «ዬይ ሳሮም፣ በዚህ ሽርጥ ከተማ ከገባሽ ሽማግሌ ይላክብሻል» አለቻት። ያን ጊዜ ትንሽ ሳቀች።

የጤና ሠራተኛው ሳይሄድ እንዲህ አላት፣ «ዐሥር ቀን ያህል አፍሽን ሸፍነሽ ከሕፃኑ ራቂ። ትኩሳት ወይም ሳል ከመጣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ሳይጠይቁሽ በፊት ዶሮ ነክቻለሁ በያቸው።»

ስለዚህ ዬይ ሳሮም ልጇን ልታርስ መጥታ አራስ ቤት አልገባችም። የእኔ ክፍል ገባች፤ እኔ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ልጇና የልጅ ልጇ ከችፑዱ ወዲያ ናቸው።

«ኩንቲያ! ጡት ያዘ?»

«ይዟል፣ እማዬ።»

«አልሰማውም እኮ። እስቲ ቆንጠጥ አድርጊው፣ ድምፁን ልስማው።»

«እማዬ! አሁን ነው የተኛው!»

«ትንሽ ብቻ።»

ለኩንቲያ የአሳማ ሥጋውን የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ እሷ ከክፍሉ በር ሆና ታዝዘኛለች። ስኳሩ ይንተክተክ፣ ቁንዶ በርበሬው ይብዛ፣ አንቺ ልጅ እንዲህ ሆነሽ ማን ያገባሻል። እኔ ፋብሪካ ስሆን ቡንቶን ይሠራል፤ ሦስት ጊዜ ያህል ድስት አሳርሯል። ከእሱ ጋር ግን አትነጋገርም። «ለሾፌሩ ንገሪው፣ ዝንጅብሉን ይቀጥቅጠው እንጂ አይክተፈው» ትለኛለች፣ ሾፌሩ ሁለት እርምጃ አጠገቧ ቆሞ። እሱም «እሺ በያት» ይለኛል። እንደ ስልክ ሆኜ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ሩዝ እየበላን የጤና ሠራተኛው ደወለ። ቡንቶን ሁላችን እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረገው። የኬም ዶሮዎች ተመርምረው የወፍ ጉንፋን የሚባለው በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ከሠፈሩ የቀሩት ዶሮዎች ሁሉ ተወግደዋል። ሰዎቹን ሐኪም እያያቸው ነው፤ እስካሁን የታመመ የለም።

ዬይ ሳሮም ጉርሻዋን አስቀመጠች። «ኬም ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ችፑዱን አየችው። ከወዲያ ልጁ ያንን የድመት ድምፁን እያሰማ ነበር። ፊቷን ሳታዞር፣ «ከድስቱ ሥር ያለው ሥጋ ይሻላል» አለችኝ። «ለቡንቶን አውጪለት።»

በስሙ ጠራችው። ቡንቶን ሳህኑን ተቀብሎኝ ወደ ደጅ ወጣ፤ በርበሬው በዝቶበት ይሁን እንጃ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ትኩሳቱም ሳሉም ሳይመጣ ቀናቱ አለፉ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ማንም ሳይነግራት ወደ ቧንቧው ሄዳ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ የእኔን ባለ አበባ ሽርጥ አስተካከለች። ቡንቶን በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ጉምሩክ፣ ልለፍ?» አለችው።

መንገድ ለቀቀላት። ልጁ ከተቀደደ አንሶላ በተሠራ መወዛወዣ ውስጥ ተኝቷል። አነሳችው። አሸተተችው፤ እኛ አገር ሕፃን የሚሳመው በማሽተት ነው። ልጁ ነቅቶ እጁን ጨብጦ ማልቀስ ጀመረ፤ ብታባብለውም አልተወም።

«ይሄም አባቱን ነው» አለች። «ደረቅ።»

አሁን እሷ ገጠር ተመልሳለች። ሌላ ክራማ ሸምና ላከች፣ ይቺኛዋ ሰማያዊ ናት። ቡንቶንም ይነዳል። ዶሮዎቹና ክራማዋ በተቀበሩበት በዚያ ዘንባባ ስናልፍ ፍጥነቱን ትንሽ ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ መንገደኛው ጉድጓድ አለ መስሎት ወንበሩን ይይዛል።